ስለ ባላንጣው ቺፕና ስለታሸገው ሱቄ

ይድረስ ለክቡር አቶ ዳምጤ፣ የንብረት አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አርባ ምንጭ

ክቡር ሆይ፣ ከነኮሚቴዎ አባላት እንደምን ሰነበቱ? አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ። ዓይንዎን ደግሞ በተለይ ይጠብቅልን፤ ከጥፍር በማይበልጥ ቺፕ ላይ የተጻፈ ስም አንብቦ ሌባ የሚይዝ ዓይን በየከተማው አይገኝምና። እኔ ሲቀላ ሰፈር ኮምፒውተር የምጠግነው ረይሐና ነኝ፤ እርስዎ ባጻፉት ደብዳቤ ሱቄ ከታሸገ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። የመሥሪያ ቤትዎ ኮምፒውተር አልነሣ ብሎ መጣልኝና የተቃጠለውን ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም መብራት የሚያከፋፍለውን ሣጥን፣ ቀይሬ መለስኩ። ኮሚቴው ሲረከብ ከፍቶ ቢያይ፣ ዕቃዎቹ ሁሉ የሚበየዱበት ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ የአንድ ፋብሪካ ስም፣ እዚያው ላይ በተበየደው ቺፕ ደግሞ የባላንጣው ፋብሪካ ስም ተጽፏል። በዚህም ዋናውን ሰርቄ ሌላ ተክያለሁ ተባልኩ። ለንቃትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ቅሬታዬ ግን የሚከተለው ነው።

1ኛ. ቃለ ጉባኤዎ «የተፎካካሪ ድርጅት ዕቃ በሌላው ቦርድ ላይ ሊገኝ አይችልም» ይላል። ቦርዱን የሠራው ፋብሪካ ግን የራሱ ቺፕ ሲያጥረው ከባላንጣው ገዝቶ በገዛ ቦርዱ ላይ በይዶ ሸጦታል፤ ከካርቶኑ ጋር የመጣው መመሪያም የቺፑን ስም ሳይደብቅ ጽፎታል። መመሪያው እስከ ዛሬ በፕላስቲኩ እንደታሸገ መደርደሪያዎ ላይ በመቀመጡ የንብረት አጠባበቅዎን ሳላደንቅ አላልፍም። ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ የሚባለው ለአጣሪ ኮሚቴ አይመስለኝም ነበር።

2ኛ. ባላንጣ ከባላንጣው እንዴት ይገዛል ካሉ ወደ ገበያችን ወረድ ይበሉ። አባቴ ሙስጠፋና ፊት ለፊቱ ያለው ጅምላ ሻጭ ከድር በደንበኛ ነገር ተቀያይመው፣ ዒድ ካልሆነ ሰላምታ አይለዋወጡም። ሆኖም አባቴ ጋ ዘይት ሲያልቅ፣ ከካምባ ድረስ የመጣ ደንበኛው ባዶ እጁን እንዳይመለስ ከከድር ሱቅ አስመጥቶ ይሸጥለታል፤ ከድርም ሳሙና ሲያልቅበት እንደዚሁ ያደርጋል። ደንበኛውም የአባቴን ቤት መርቆ ይሄዳል። በእርስዎ ሕግ ቢሆን ሁለቱም አንድ ክፍል ታስረው፣ ሽማግሌ ያቃተውን እርቅ እርስዎ ይፈጽሙት ነበር።

3ኛ. ያንን ቺፕ ነቅሎ ሌላ ለመትከል የፋብሪካ ማሽን ያስፈልጋል። እኔ ያለኝ የእጅ መበየጃና አንድ ማራገቢያ ነው።

4ኛ. ከዚሁ ኮምፒውተር ጋር በአንድ ቀን የተገዙ፣ እጄ ያልነካቸው ስድስት ኮምፒውተሮች ቢሮዎ አሉ። አንዱን በሽማግሌዎች ፊት ከፍተን ያው ቺፕ እንዳለበት እንይ ብዬ ሦስት ጊዜ አመልክቼ «አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም» የሚል መልስ አግኝቻለሁ። ፈጣን መልስ በመሆኑ አመሰግናለሁ።

«ሰርቄያለሁ» ብዬ ብፈርም ሱቄ እንደሚከፈት በመልእክተኛ ነግረውኛል። ስላዘኑልኝ አላህ ይስጥልኝ፤ ግን አልፈርምም። ሴት ልጅ ምን ብሎን ያስፈታታል እየተባልኩ በሥራዬ ያገኘሁትን ስም በገዛ እጄ አላቆሽሽም። ተናድጃለሁ፣ አዝኛለሁም፤ አልፈራሁም። ከቤት ጠረጴዛ አምጥቼ፣ ሱቄ በር ላይ ካለው ማኅተምዎ ፊት ለፊት እየሠራሁ ነው።

ለኮሚቴዎ ረጅም ስብሰባና ብዙ አበል፣ ለእርስዎም ጥሩ መነጽር እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ረይሐና ሙስጠፋ
ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ በቃለ ጉባኤዎ አጠራር «ተጠርጣሪ»
ሲቀላ፣ 1999 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ትናንት ሾፌርዎ በጣም ይግላል ያለውን ላፕቶፕ «የእህቴ ነው» ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ ትቶልኝ ሄደ። ሳበራው በመግቢያው ላይ የወጣው ስም የእርስዎ ነው። በሌባ እጅ ላይ ስለጣሉት እምነት ክብር ተሰምቶኛል። ነገር ግን ውስጡ የባላንጣ ዕቃ ቢገኝ ክሱ ሁለት ይሆንብኛልና አልፈታሁትም። ኮሚቴውን ይዘው ይምጡ፤ ሽማግሌዎቹን እኔ እጠራለሁ፤ የመጀመሪያውን ብሎን እርስዎ ይፈቱታል።