ስለ ዓሣዎቹ ቀይ ልጋግ

የሺ፣
መኪናው ሊያመልጠኝ ስለሆነ ገበያ እንዳለሽ ወጣሁ። ውጫሌ እናቴ ጋ ነኝ፤ የዛሬ ሳምንት እመለሳለሁ።

የባሕር ዓሣዎቹ ድንጋይ ላይ የወጣው ቀይ ልጋግ ባክቴሪያ ነው። ያመጣቸው ወንድሜ ሐቢብ ከጅቡቲ ደውሎ ነገረኝ። ሁለት ሳምንት ስፈገፍገው ከረምሁ፤ ደከመኝ። በቀጭኑ ቱቦ ሳቢና አውጪው። ቱቦውን ደግሞ እንደ ወትሮሽ ማድቤት እንዳትወረውሪው። ለጎደለው፣ ጨው በጥብጬ በሰማያዊው ጀሪካን ያስቀመጥሁትን ጨምሪ። ከዚያ ገንዳውን በብርድ ልብሴ ሸፍኚው፤ ሦስት ቀን ብርሃን እንዳያገኝ። አየር የምትነፋዋን ሞተር ግን አትንቀያት።

የሐይቁን ውሃ እንዳትጨምሪ።
ቧንቧ የጠፋ ጊዜ ሁለት ባልዲ የጨመርሁት እኔ ነኝ። ሐቢብ ልጋጉን ያመጣው ያ ውሃ ነው ይላል። አንቺ የፈረፈርሽላቸው ዳቦ አይደለም።

በአከራያችን ፊት ያልሁሽን ታስታውሻለሽ።
እኔም አልረሳሁትም።

የደበቅሁብሽን ምግባቸውን ትራስሽ ላይ አስቀምጫለሁ። ብርድ ልብሱን ካነሳሽ በኋላ በቀን አንድ ቁንጥር ስጪያቸው። እንደ ድሮሽም አናግሪያቸው። ካኮረፍሽ ወዲህ ወደ መስታወቱ መምጣት ትተዋል፤ እኔ ብጠራቸው ብጠራቸው እንቢ አሉ።

ኢልሀም