የማኑሄ ሰብዉፈር

ሰኞ፣ ጥቅምት 3
ዝናብ። የተሳፈርኩበት ቦዳ ሞተር ሳይክል ናጉሩ ዳገት ላይ ቆመብኝ፣ ግማሹን በእግሬ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ስፒከሮቼን ከፈትኩ። ትንንሽ ናቸው፣ ግን ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው። በመጀመሪያ ደሞዜ ነው የገዛኋቸው። ወፍራሙ ድምፅ ብቻ ይጎድላቸዋል... ዘፋኙ አለ፣ ክራሩ አለ፣ ከበሮው የለም። ሰብዉፈር ልጨምርላቸው ነው።

እማዬ ደወለች። ማኑሄ ለጥቅምት 16 ሽማግሌ ሊልክ ነው። «ሠላሳ አራት ሞላሽ እኮ!» አውቃለሁ እማዬ፣ ስወለድ ነበርኩ።

ከማኑሄ ጋር ስምንት ወር ሆነን። ከፖርት ቤል ወደብ ጭነት ያመላልሳል። ጥሩ ሰው ነው፣ ሁሉም እንደዚያ ይላል። እኔስ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ከማኑሄ ጋር ኪቡሊ ሰፈር፣ መንሱር ጋ ሄድን። ራዲዮ ጠጋኝ ነው፣ የወሎ ልጅ። መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ «ክፍልሽ ምን ያህል ነው? ምንስ ታዳምጫለሽ?» ባለ ስምንት ኢንች ይበቃሻል አለ። «ስፒከሮቹ ያቃታቸውን እሱ ይቀበላቸዋል። ጥሩ ሰብዉፈር መኖሩ አይታወቅም።»

ማኑሄ ከት ብሎ ሳቀ። «ካልታወቀ ለምን ይገዛል?»

ምን እንደማዳምጥ ጠይቆኝ ያውቃል? አሰብኩ፣ አሰብኩ... አንድም ቀን።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
መንሱር አንዱን ለሙከራ አዋሰኝ። የሚቀመጥበትን ቦታ መምረጫ ዘዴም አሳየኝ፦ ሰብዉፈሩ እኔ የምቀመጥበት ሶፋ ላይ ይወጣል፣ እኔ ወለሉ ላይ ዳዴ እላለሁ። ድምፁ ያማረበት ጥግ ቦታው ነው። ማኑሄ ገባ።

«ምን ጠፋብሽ?»

አስረዳሁት።

«ሰው ቢያይሽ ምን ይላል! ተዪው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
ጨረሰው።

ከሥራ ስገባ ሳሎኔ ውስጥ ፍሪጅ የሚያህል ጥቁር ሳጥን፣ አጠገቡ ማኑሄ። አሥራ ስምንት ኢንች! ቁልፌን ማን ሰጠው? እኔው።

«ስፒከሮቼስ?»

«እነዚያ ሚጢጢዎቹ? ለሱቁ ሰጥቼ ዋጋ አስቀነስኩባቸው።»

«ሰብዉፈር የፈለግኩት ለእነሱ ነበር እኮ!»

«ይኼ እያለሽ እነሱ ምን ያደርጉልሻል?»

አለቀስኩ። ለስፒከር ይለቀሳል? ይለቀሳል። እሱ ደግሞ ለእማዬ ደውሎ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች አላት።

እሁድ፣ ጥቅምት 16
ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አጎቴ ግርማ ተቀበላቸው። በደንቡ እኔ ጓዳ መሆን ነበረብኝ፣ ግን ጓዳ የለኝም። እነሱም በደንቡ «ጥያቄያችን ካልተመለሰ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ትልቁ፣ ጋሽ ከተማ፣ ልጁን አሞገሱ። አሳቢ ነው፣ ቤት የሚሞላ ነው... ከዚያ ወደ ሳጥኑ ጠቆሙ።

«ይኸው፣ ገና ሳያገባት ይኼን ገዛላት! እስቲ ክፈቺልን፣ ልጄ።»

ከፈትኩ። ዱም። ዱም። ዱም። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ጋሽ ከተማ ጆሯቸውን ሰጥተው ጠበቁ፣ ጠበቁ።

«ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?»

«ጀምሯል፣ ጋሼ። ዘፋኙን ማኑሄ ሸጦታል።»

ማንም አልሳቀም። አጎቴ አጠፋውና ወደ እኔ ዞረ። «ሮሃ፣ ምን ልበላቸው?»

እማዬ ትዝ አለችኝ። ሠላሳ አራቱም ትዝ አለኝ። ፈራሁ፣ አልዋሽም።

«አይቀመጡ» አልኩት።