ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብሎ

ለአባዬ፣ ለሾፌሩ አባቴ፣

ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሞላ። ሙት ዓመትህን አውጥተን፣ እማዬም ጥቁሯን ካወለቀች ወዲህ ቤታችን ትንሽ ትንሽ ድምፅ ማሰማት ጀምሯል። ሚኒባስህን የወንድምህ ልጅ ይነዳታል፤ ከደባርቅ ዳባት፣ ከዳባት ጎንደር፣ እንደ በፊቱ። የወንበሮቹን ልብስ ግን ቀይ አድርጎታል፤ ብታየው ሳምንት ታኮርፍ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡም ደህና ናት፤ የሰፈሩን ወሬ አሁንም ከባለቤቱ ቀድማ ትሰማለች። ይህን የምጽፍልህን ግን እሷም አልሰማችም።

እማዬ ጠፍታብኝ ነበር፣ አባዬ።

አዲስ አበባ ነው። እዚያ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ሙሉቀን፣ "እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ከጎንደር አላለፈችም፤ ከተማውን ላሳያት" ብሎ ሁለታችንንም አስመጣን። ያንን ሁሉ ከተማ ደግሞ በአንድ ቀን። ጠዋት አንበሶቹን፣ ቀጥሎ ሙዚየሙን፣ ከዚያ በአሳንሰር ወጥተን ከፎቅ ላይ ቁልቁል ማየት። እማዬ አንበሱን አየት አድርጋ፣ "ተኝቶ የሚበላ ነው፤ የኛ ጭላዳ ዝንጀሮ ይሻላል፣ ሣሩን ነጭቶ ያድራል" አለች። አሳንሰሩ ውስጥ ግን ዓይኗን ጨፍና ክንዴን ጨመቀችው። እኔ ደግሞ ሌባ እንዳይነጥቃት ብዬ ስልኳን ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ባቡር ተሳፈርን፤ ከድልድይ ላይ ሆኖ ከተማውን የሚያቋርጠውን። ሰው ጥቅጥቅ ብሏል። አንዱ ጣቢያ ላይ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ሄድን። ዘወር ስል እማዬ የለችም። አጠገቧ የነበረች ሴት፣ "ማዘር ወርደዋል እኮ። ቤተ ክርስቲያኑን ሲያዩ አማተቡና ወረዱ" አለችን፣ ረጋ ብላ። 

ያስለመድካት አንተ ነህ። በጎንደሩ መንገድ ላይ ያለ ቤተ ክርስቲያን ጋ ደርሰህ ተሳፋሪውን ሳታሳልም አልፈህ አታውቅም። ሰዉ ወርዶ ይሳለማል፣ አንተ ትጠብቃለህ። የቸኮለ ሰው ቢያጉረመርም፣ "ቀድመህ ብትደርስ ማን ሊቀበልህ ነው?" ትለው ነበር። ዕድሜዋን ከጎንህ የተቀመጠች ሴት ባቡር እንደማይጠብቅ በምን ታውቃለች?

ሙሉቀን፣ "አንቺ አይደለሽ አጠገቧ የነበርሽ?" አለኝ። "አንተ አይደለህ አገሩን በአንድ ቀን ካላዞርኩ ያልከው?" አልኩት።  አንድ ቃል ብንጨምር መላቀሳችን ነው። በሚቀጥለው ጣቢያ ወርደን በመልሱ ባቡር ተመለስን። ጣቢያው ላይ የለችም። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይም የለችም። ዘበኛውን "ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት አላዩም?" ብዬ ብጠይቀው በእጁ ግቢውን አሳየኝ፤ ግቢው ሙሉ ነጭ ነጠላ ነው። አባዬ፣ እማዬ የሙሉቀንን ሰፈር ስም እንኳ አታውቀውም። ስልኳ እኔ ቦርሳ ውስጥ። ከመንገዱ ማዶ ሰው ተሰብስቦ፣ መሬት ላይ ነጭ ነገር ተዘርግቶ አየሁ። እስክደርስ ድረስ ያሰብኩትን አልጽፍልህም። ካልሲ ሻጭ የዘረጋው ሸራ ነበር። እዚያው አጥር ይዤ ቆምኩ። በመጨረሻው ቀን "እናትሽን..." ብለህ ሳትጨርሰው የቀረኸው ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ።

ያኔ ነው መኪናህ ትዝ ያለችኝ። አንተ እኮ በሩ ላይ አትጠብቅም ነበር። መንገድ እንዳልዘጋ ብለህ፣ ተሳፋሪውን ታወርድና ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብለህ፣ ከኩርባው ወዲያ ትቆማለህ። እኛ ወደ ኋላ እንፈልጋታለን፤ እሷ ተሳልማ ወደ ፊት ሄዳለች። የሙሉቀንን እጅ ይዤ በባቡሩ ድልድይ ሥር ወደ ፊት ሮጥን። ቀጣዩ ጣቢያ ልንደርስ ስንል አየናት፤ አንድ ጫማዋን በእጇ ይዛ እያነከሰች።

ስታየን፣ "ይሄ ሾፌር ደግሞ ምን ያህል ርቆ ነው የቆመው?" አለች፣ ተቆጥታ።

ሳቅን። እጄን ስሰጣት ግን ጨበጥ አድርጋ ያዘችው፤ ቤት እስክንገባም አልለቀቀችውም።

ለእትዬ ዘነቡ የነገረቻት አንበሱንና ፎቁን ብቻ ነው። እኔም አፌን ዘጋሁ። ፍርሃቱ ግን አብሮኝ ደባርቅ ገብቷል። ገበያ ሄዳ ከዘገየች በር ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ። ስትሳለም ከሩቅ እከተላታለሁ፤ ታውቅብኛለች፣ እንዳላየች ታልፈኛለች። አንዳንድ ጠዋት ደግሞ ነቅታ እንደሆነ ለማወቅ መጋረጃዋን ገለጥ አድርጌ ትንፋሿን አዳምጣለሁ።

ያንተን አቋቋም አልረሳውም፣ አባዬ። በሄድንበት ሁሉ ከፊቷ አለፍ ብዬ እቆማለሁ፣ እስክትመጣም እጠብቃታለሁ። አንተም እዚያ ከኩርባው ወዲያ ቆመህ እየጠበቅሃት ከሆነ፣ እባክህ ክላክስ አታድርግባት። ገና ተሳልማ አልጨረሰችም።