የመንግሥት ጺም

ወንድም ጋሼ፣ ከዚሁ ሆኜ እግርዎን ስሜ፣ ብቻዬን በለቀምኩት ፊደል ጤናዎን እጠይቃለሁ። ለሰው ነግሬው የማላውቀውን ልንገርዎ፤ ባሌ ሲሞት ልጄ ኒባራን የእንግሊዞችን የዘበኛ ቀበቶ አልወርስም ብሎ ነበር። አልቅሼ ያስታጠቅሁት እኔ ነኝ።

እኛ ደህና ነን፤ ሩዙም አምሮበታል። መንደሩ ለእንግሊዝ ግብር አንከፍልም ካለ ወዲህ ግን አጣቢው የእንግሊዝ ዘበኛ ቤት ነው ብሎ ልብሳችንን አይወስድም፤ ጺም ላጩ ባንካም ደጃችንን ዝም ብሎ ያልፋል። አንድ ቀን ጠራሁት።

«እማማ፣ ምላጬ የመንግሥት ጺም አይቆርጥም» ብሎ ሳቀ። «ቀበቶውን ይፍታና ይምጣ፤ በነፃ እላጨዋለሁ።»

ለኒባራን ስነግረው፣ «ብፈታው እታሰራለሁ፤ ጺሜ ይደግ» አለኝ። ሲመሽ ለጥበቃ ይወጣል። የዱላው ኳኳታ እየራቀ ሲሄድ የሟች አባቱ ዱላ ከኋላው የሚከተለው ይመስለኛል።

የማዶው መንደር ዘበኛ ባለፈው ሳምንት ወንዝ ዳር ሞቶ ተገኘ። ቃሬዛውን በትከሻ የሚሸከሙ አራት ጎረቤቶች ጠፍተው ሚስቱ አስከሬኑን በበሬ ጋሪ ወሰደችው።

ለአጨዳው ብቅ ቢሉልኝ ደስ ይለኛል። ልጆችዎንም ያምጧቸው፣ አራቱንም። ትከሻቸው ሰፍቷል ብለውኝ ነበር። ባሕሩ ረጋ ብሎ ያምጣችሁ።

ይድረስ፦ ራንጉን፣ ሩዝ ወፍጮው ሠፈር፣ ለታላቅ ወንድሜ ለሃሪፓዳና ለአራቱ ወንዶች ልጆቹ።