ትልቁ ጥድ ላይ ያለው ጎጆ

ይድረስ ለእታለም፣

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? ባለቤትሽ ደህና ነው? ትንሿስ ማሳሏን ተወች? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ብዬ ስጽፍ እጄ ትንሽ ዘገየ፤ አንቺ ደግሞ ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ።

ባለፈው ሳምንት ከደን መሥሪያ ቤት አንዲት መዝጋቢ መጣች። በአዲሱ ሕግ የንስር ጎጆ ከተገኘበት ዛፍ ዙሪያ፣ ሁለት መቶ ሜትር ድረስ፣ ደኑ የማንም ይሁን የማን፣ መቁረጥ ክልክል ነው። ይህ ከኛ ትልቁ ጥድ ሲለካ የኛን አልፎ የጎረቤታችንን የመጋዙን ደን እኩሌታ ይበላል። መጋዙ ያልነው አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው፤ ሰው ሲያወራ መሐል ላይ ስለሚቆርጥ።

እሷ ከመምጣቷ በፊት ባለደኖቹ ተሰብስበን ነበር። ትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ የልጆች ወንበር ላይ፣ ጉልበታችን አገጫችንን ሊነካ። አንዱ ሽማግሌ "አባቴ ተከለ፣ እኔ ጠበቅኩ፣ ወፍ ወረሰ" ብሎ አሳቀን። መጋዙ አልሳቀም። ወደኔ ዞሮ "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ወንድሜ" አለኝ። ሁሉም አዩኝ። እማዬ የታመመች ለት መኪናውን አስነሥቶ ሐኪም ቤት ያደረሰልን እሱ ነው።

መዝጋቢዋ ጨዋ ልጅ ናት። ጭቃ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፤ በካልሲዋ ቀዳዳ አውራ ጣቷ ይታያል። ትልቅ የወፍ ጎጆ አይተህ ታውቃለህ ወይ አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ከዚያ በወንዙ በኩል፣ በረጅሙ መንገድ ወሰድኳት። ትልቁ ጥድ ከጀርባችን ቀረ። አንዴም አልዞርኩም፤ ማጅራቴ ግን እስከ ዛሬ ይከብደኛል። "የለም" ብላ ጻፈች። አመሰገነችኝም።

ጎጆውን ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ትከሻሽ ላይ አውጥተሽ፣ ለማንም እንዳትናገር ብለሽ አስማልሽኝ። ታዲያ ቃሌን ጠበቅሁ ማለት ነው? እንዲህ እያልኩ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። እምቢ አለኝ።

አሁን ቅጹ መጥቷል። ደኑ የሁለታችን ስለሆነ ከ"የለም" ሥር ሁለታችንም መፈረም አለብን። እኔ ፈርሜያለሁ። ያንቺ መስመር ባዶ ነው። ከፈረምሽ መጋዙ እስከ ድንበራችን ይቆርጣል፤ ትልቁ ጥድ ለነፋስ ተጋልጦ ይቀራል፤ ንስሮቹም ይሄዳሉ። ካልፈረምሽ ውሸቴ ይወጣል፤ እዚህ መንገድ ላይ ሰላም የሚለኝ አይኖርም። ፍረሚ ልልሽ ብዕሬን ሦስቴ አነሣሁ፤ ሦስቴም አስቀመጥኩት።

ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች፤ ሰሞኑን ብዙም አታናግረኝም። ታላቁ ልጄ ያክስቴ ድምፅ ናፈቀኝ ይላል። ውሻው አርጅቷል። እማዬ ጉንጭና ጉንጯን ሳምልኝ ብላለች። ስለ ቅጹ አታውቅም። አንድ ነገር እስክጽፍላት ግን ከራስጌዬ ቆማ አልሄድ ብላለች፤ ንስሮቹ ተመልሰዋል፣ ዛሬ ጠዋት ጭራሮ ይዘው በመስኮቴ ሲያልፉ አየኋቸው፣ ደስ ይላታልና ንገራት አለችኝ።

ወንድምሽ

ከአባታችን ቤት፣ ከምግብ ጠረጴዛው
የካቲት 18 ቀን