«ሁሉንም ይሰማል» ስለተባለው ማብሪያ ማጥፊያ

ለሰርክ ብርሃን የዘመናዊ ኤሌክትሪክ ዕቃዎች መደብር
ለባሕር ዳር ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ለክቡር አቶ ግሩም ወልደ ዮሐንስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ መላው ቤተሰብዎም፣ ከመደብርዎ በር በላይ በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር ቦግ ብሎ የሚውለው ማስታወቂያዎም እንደምን ከረማችሁ? እኔና አባቴ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ላቀረብሁልዎት አቤቱታ «መልእክትዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» የሚል አጭር መልስ ሦስት ጊዜ ስላከበሩኝ፣ አራተኛውን ለእርስዎ ብቻ መላክ ንፉግነት መስሎ ታየኝና ከተማው ሁሉ እንዲካፈለው በግልጽ ጽፌዋለሁ።

ደንበኛዎ ብዙ ስለሆነ ምናልባት ረስተውኝ ይሆናል። ሱምያ ቡርሀን እባላለሁ፤ በኮሌጅ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ፤ ሽምብጥ ከአባቴ ጋር እኖራለሁ። አባቴ አቶ ቡርሀን በሐይቁ ላይ እስከ ደልጊና ጎርጎራ ወደቦች እህል የሚያመላልሱ ጀልባዎችን አርባ ዓመት ሙሉ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ ለሕመሙ ስምም ሰጥቶታል፣ መድኃኒትም ሰጥቶታል፤ መንቀጥቀጡ ግን ሁለቱንም ከቁም ነገር አልቆጠራቸውም።

አባቴ ሰው ጠርተው «መብራት አብሩልኝ» ማለት ይከብዳቸዋል። አንድ ምሽት ከሥራ ስገባ ክፍላቸው ውስጥ በጨለማ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ምነው አባባ፣ መብራት ጠፋ እንዴ?» ብላቸው፣ «የለም፣ እያሰብሁ ነው። ለማሰብ መብራት ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ። ሳበራው ከእግራቸው ሥር የተሰበረ ብርጭቆ አየሁ። ማብሪያውን ሲዳብሱ የጣሉት ነው። ስብርባሪውን ሳነሣ እሳቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር።

በዚያው ሰሞን ቤቱን እያሳደስሁ ስለነበር፣ በድምፅ የሚታዘዝ፣ ከደመወዝተኛ አቅምም የማያልፍ ማብሪያ ማጥፊያ ፍለጋ ወደ እርስዎ መጣሁ። ሦስት ዓይነት ዘርግተው አሳዩኝና ከሁሉ ርካሹን አንሥተው፣ «ለእርስዎ የሚሆነው ይኸ ነው፤ በንግግር ይታዘዛል፣ በስልክ ይታዘዛል፣ በጣት ነካ ሲያደርጉትም ይታዘዛል» አሉኝ። የአባቴን ሁኔታ ከነገርሁዎት በኋላ «አማርኛ ይሰማል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ሁሉንም ይሰማል» አሉኝ። ለዚህች መልስዎ ልዩ ምስጋና አለኝ። አልዋሹም፤ መስማቱንስ ይሰማል። ይገባዋል አላሉኝም።

እንግዲህ ያገኘሁትን በረከት በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጌትነት የድሮውን ማብሪያ ፈቶ ውስጡን እንዳየ፣ «እህቴ፣ እዚህ ያለው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ ይኸ ዕቃ ኒውትራል የሚባል ሦስተኛ ሽቦ ካላገኘ አይሠራም» አለኝ። ወዲያው ስደውልልዎት «እሱ የዕቃው ሳይሆን የቤትዎ ችግር ነው» አሉኝ። የቤቴን ችግር በስልክ ለይተው ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ ሳልገዛ ቢነግሩኝ ግን ምስጋናዬ በእጥፍ በጨመረ ነበር። ልስኑ ገና በወጉ ያልደረቀ፣ ቀለሙ በሳምንቱ የተቀባ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በመሮ ተቦረቦረ። ጌትነት አቧራውን ከፀጉሩ እያራገፈ ይቅርታ የጠየቀኝ እሱ ነው፤ እርስዎ ሥራ ይበዛብዎታል።

ሁለተኛ፤ ዕቃው ተገጠመና አባቴ በወንበራቸው ተስተካክለው፣ እንግዳ እንደሚያነጋግር ሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «መብራት አብሪልኝ» አሉ። ከዕቃው ውስጥ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ መለሰች። «ምን አለች?» አሉኝ። «አልገባኝም ነው የምትለው» አልሁ። «እኔም እሷ የምትለው አይገባኝም፤ እኩል ነን» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ከሥራ መልስ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ የሰባ ሁለት ዓመት አባቴን መብራት በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚለመን ሳስጠናቸው ሰነበትሁ። በሰባተኛው ቀን ተሳካላቸው፤ የበራው ግን ከዚያው ዕቃ ጋር የተያያዘው የመታጠቢያ ቤቱ መብራት ነው። በስምንተኛው ቀን ኢንተርኔቱ ተቋረጠና ሴትዮዋ እንግሊዝኛውንም መስማት አቆመች።

ሦስተኛውን ቁጥር ሰጥቼው ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ይኸኛው ከሌሎቹ ጋር የሚቆጠር አልሆነልኝም። ያለ ኢንተርኔት ድምፁም ስልኩም እምቢ ሲሉ የቀረው በጣት መንካት ነበር። ማብሪያዎ ለስላሳ መስታወት ነው፤ ጣት ባረፈበት ቁጥር አንድ ትእዛዝ ይቆጥራል። የአባቴ ጣት ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ማረፍ አይችልም። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ እኔ ጓዳ ሳለሁ ክፍላቸው ይበራል ይጠፋል፣ ይበራል ይጠፋል ጀመረ። ጎረቤታችን እትዬ ዘኪያ ከአጥር ማዶ አይታው «ምን ሆናችሁ? ምን ደረሰባችሁ?» እያለች ነጠላዋን ሳታነሣ በሩጫ መጣች። እኔም እሷም በሩ ላይ ስንደርስ አባቴ ከግድግዳው ፊት ቆመው ነበር። እጃቸውን ቶሎ አንሥተው ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡት። «ምንም አይደለም፣ መስታወቱን ስወለውል ነው» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአንድ ወር ማብሪያውን አልነኩም፤ እኔንም አብሪልኝ አላሉኝም።

ይህን ልጽፍ ስል አስፈቀድኋቸው። «ጻፊው፤ እጄ ያጠፋው ነገር የለም» አሉኝ።

ዕቃውን ነቅዬ ልመልስ እንደምችል ልጠይቅ መደብርዎ ስመጣ «ካርቶኑ ተከፍቷል» ተባልሁ። ካርቶኑ ሳይከፈት ግድግዳ ላይ የሚሰቀልበትን ዘዴ ብጠይቅ የነገረኝ የለም። ሽያጭ ላይ የምትሠራዋ ልጅ ግን እስከ በር ሸኝታኝ፣ «እህቴ፣ እኛም ለአያቴ ወስደንላት መልሰን ነቅለነዋል» አለችኝ። ስሟን አልጽፍም፤ በመደብርዎ እውነት የነገረችኝ እሷ ብቻ ስለሆነች እንዳትቀጣ እሰጋለሁ።

ነገሩ እንዴት እንዳበቃም የማወቅ መብት አለዎት። አባቴ ከሳምንታት በኋላ አንድ ቅዳሜ ጌትነትን አስጠሩና «ያንን መስታወት አንሣና የድሮውን ማብሪያ ክርኔ እስከሚደርስበት ዝቅ አድርገህ ግጠምልኝ» አሉት። ቀጥለው አብሯቸው ጀልባ ይሠራ የነበረውን ሙኽታርን ጠሩ። ከግቢያችን ጥግ የዋንዛ ሳንቃ አስነሡና ሁለት መዳፍ የሚያህል ሰሌዳ አስቆረጡት፤ መሐሉ ላይ ችንካር ገብቶበት፣ ላዩን ሲጫኑት ማብሪያውን የሚያበራ፣ ታቹን ሲጫኑት የሚያጠፋ። መጋዙን የያዘው ሙኽታር ነው፤ ልኩን፣ ጠርዙን፣ ችንካሩ የሚገባበትን የነገሩት ግን እሳቸው ናቸው። «ቀጥ አርገው እንጂ! ይኸ ጎን ውኃ ያስገባል!» ሲሉት ሙኽታር «ጋሼ ቡርሀን፣ ግድግዳ ነው እኮ!» እያለ ይስቅ ነበር። ድምፃቸው እንደዚያ ሲጮኽ ከሰማሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

ማታ አባቴ ተነሡ፣ በክርናቸው ገፋ አደረጉት፣ በራ። ጥቂት ቆሙና አጠፉት፤ ደግመው አበሩት። «በቃ፣ ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስሁ።

ስለዚህ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ዕቃዎን ተረክበው ገንዘቤን እንዲመልሱልኝ፣ ከእንግዲህም የታመመ ወላጅ ኖሮት ለሚመጣ ሰው ሽቦውን፣ ቋንቋውንና ኢንተርኔቱን ከሽያጩ በፊት እንዲነግሩት በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።

ለትዕግሥት ትምህርትዎ ዘወትር ባለዕዳዎ፣ አራተኛውን «ደርሶናል»ዎን በአክብሮት የምትጠባበቅ፣

ሱምያ ቡርሀን
ሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

ማስታወሻ፦ ትናንት ከመደብርዎ ተደውሎ፣ የአባቴን ሰሌዳ ወሬ እንደሰማችሁና ፎቶውን በገጻችሁ ላይ «ከደንበኞቻችን ቤት» ብላችሁ ለማውጣት እንደምትፈልጉ ተነገረኝ። አባቴን ጠይቄአቸው ነበር። ፎቶውን ከልክለዋል፤ ነገር ግን መደብሩ ውስጥ ያሉት ማብሪያዎች የሚያስቸግሯችሁ ከሆነ ልክ ይዛችሁ እንድትመጡ፣ ሙኽታርም ቅዳሜ ቅዳሜ እንደሚመቸው እንድነግራችሁ አዘውኛል።