የአሮጌው አውቶቡስ እንጨት

ለአጎቴ ለቢምረው፣ ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? እኛ እስራኤል፣ ነታንያ ያለነው አምላክ ይመስገን ደህና ነን።

አባባ እዚህ ቅርባችን ባለችው ከተማ፣ ቴል ሞንድ ውስጥ የአንድ አሮጌ አውቶቡስ የእንጨት አጥንት እያደሰ ነው። የበሰበሰውን፣ እርስዎ እንዳስተማሩት፣ በጣቱ አንኳኩቶ በድምፁ ይለያል። ልኩን ግን በእርሳስ ማስመር ትቶ በቢላ ይጭርና ጭረቱን በአውራ ጣቱ ዳስሶ ይቆርጣል። ትናንት አንዱን አሳጥሮ ቆረጠው። «የዚህ አገር ሜትር ውሸታም ነው!» ብሎ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ።

የላኩልንን ፎቶም አሳየሁት። ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደና «ወንድሜ ጢሙን ተላጨ እንዴ?» አለኝ። ነጭ ጢምዎን እያየሁ «አዎ፣ ተላጭቷል» አልኩት።

አምና መጥተው ቢሆን ኖሮ እያልኩ እቆጫለሁ። ከእንግዲህ ፎቶ አይላኩ፤ ድምፅዎን ቀድተው ይላኩልን።

ጉልበትዎን እስማለሁ፤
ልጅዎ አቪጋይል